የጥርስ ብሩሽሽ ያለበት ቤት

ባለፈው ወር ለአንዲት ጓደኛዬ ዕቃ ላደርስ ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር፣ ያደግኩበት ፎቅ ገብቼ ነበር። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። በልጅነቴም አይሠራም ነበር፤ በዚህ በኩል ፎቃችን አቋሙን አልለወጠም። ደረጃውን እያለከለክኩ ስወጣ ገርበብ ካለ አንድ በር የተቀቀለ ድንችና የእንስላል ሽታ መጣብኝ። እግሬ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ብቅ ብላ "ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ። "ምንም፤ ሽታው ነው" አልኳት። ድስቷ ያረረ መስሏት እየሮጠች ተመለሰች። ይቅርታ ለማለት እንኳ ጊዜ ሳላገኝ ደረጃው ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያ ሽታ የእትዬ ገሊና ነው። ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖር ሩሲያዊት ነበረች። ባሏ ቴምባ የሶዌቶ ልጅ ነው፤ በትግሉ ዘመን ለትምህርት ሩሲያ ተልኮ እሷን አገኘ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ ይዟት ተመለሰ። እኔ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ይስቃል። ልጅ አልነበራቸውም። "እትዬ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻት እማዬ ናት። አንቱታውንም ልትሰጣት ፈልጋ ነበር፤ ግን የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ስለነበር አንቱታው መንገድ ላይ ቀረ።

እማዬ ጀፕስታውን ገበያ ውስጥ መጋረጃና ብርድ ልብስ በጅምላ ትሸጣለች፤ አባዬ ሆስፒታል ፋርማሲስት ነው። ሁለቱም ሲመሽ ስለሚመጡ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እትዬ ገሊና ቤት ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ሥራዬ በረንዳው ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለውን ቅጠል ውሃ ማጠጣት ነው። እሷ "ኡክሮፕ" ትለዋለች። እማዬ ባየችው ቁጥር ቀንጥሳ ታሸውና "እንስላል ነው እንጂ!" ትላለች። አይደለም፣ ነው፣ አይደለም፣ ነው። አንዷ ሾርባዋ ላይ፣ ሌላዋ አልጫዋ ላይ እየነሰነሱት ዓመታት አለፉ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ሩሲያኛን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እትዬ ገሊና ከድስቱ ጋር፣ ከራዲዮኑ ጋር፣ ከቴምባ ፎቶ ጋር በሩሲያኛ ታወራለች፤ እኔ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ። ስሜ ቤዛ ነው፤ እሷ "ቤዞችካ" ትለኛለች። ስትናደድ ብቻ ወደ ዙሉ ትሻገርና "ሀይቦ!" ትላለች። በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ ሩሲያኛ ውስጥ የቁጣ ቃል የሌለ ይመስለኝ ነበር።

ያ ዓመት የቀዝቃዛው ክረምት ዓመት ነው። አባዬ ስለ ሐምሌ ዝናብ፣ ስለ ጭቃና ስለ ነጎድጓድ ሲተርክልኝ ስላደግኩ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ጃንጥላ ቦርሳዬ ውስጥ እከት ነበር። የጆሃንስበርግ ሐምሌ ግን ደረቅ ነው። ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ሰማዩ ጠብታ ሳይሰጥ ሰማያዊ ሆኖ ይከርማል። እኔም ዝናቡ አዲስ አበባ ሥራ በዝቶበት እንደዘገየ እያሰብኩ ጃንጥላዬን ተሸክሜ እዞራለሁ።

በዚያ ሰሞን ክፍላችን አዲስ ልጅ ገባች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ነበር፤ "ዌር ዱ ዩ ስቴይ?" የት ነው የምትኖሪው ማለት ነው። የታክሲ ረዳቱም፣ የእማዬ ደንበኞችም፣ አስተማሪዋም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከሰዓት በኋላ እትዬ ገሊና ድንች ስትልጥ ደረስኩና "ስቴይ በሩሲያኛ ምንድነው?" አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "የትኛው ስቴይ?"

"ስቴይ ነዋ!"

"ኧረ ቤዞችካ! ነይ።"

እጄን ይዛ መታጠቢያ ቤት ወሰደችኝ። ከመስታወቱ ሥር ባለው ብርጭቆ የቆመ የጥርስ ብሩሿን አሳየችኝ። "የጥርስ ብሩሽሽ ያለበት ቤት፣ ዢቭዮት ነው። እዚያ ነው የምትኖሪው።" ከዚያ ሳሎን ገባንና ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጣ ዚፑን ከፈተችው። "ስጦታ ይዘሽ መጥተሽ ሶፋ ላይ ትሰነብቻለሽ፤ ቦርሳሽ ግን እንዲህ እንደተከፈተ ነው። ይሄ ጋስቲት ነው።" ቀጥላ ሶፋው ላይ ተጋደመችና ጫማዋን ሳታወልቅ ዓይኗን ጨፈነች። "ታክሲ አምልጦኝ ነው። ጠዋት እሄዳለሁ። ናቹየት።" ኩሽና ስንመለስ የተቀቀሉትን ድንቾች ከሳህኑ አንድ በአንድ አነሳቻቸው። አንዲት ትንሽ ድንች ብቻዋን ቀረች። "ሁሉም ሄደ። ይቺ አልሄደችም። አስታዮትሳ።" ከዚያ ቅጠል ነሰነሰችባትና ለእኔ አጎረሰችኝ።

ድንቿን እያላመጥኩ ሩሲያውያን አሳዘኑኝ። እኛ አንዱን ቃል ጥለን እንሄዳለን፤ እነሱ ግን አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ስንት ቀን እንደሚቆዩ መወሰን አለባቸው። እንዴት ይደክማቸው ይሆን አልኩ።

ማታ ራት ላይ ለቤተሰቤ ተረኩላቸው። አባዬ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። "በእኛም እኮ አለ። መኖር፣ መሰንበት፣ ማደር፣ መቅረት" እያለ በጣቱ ቆጠረ።

እማዬ እንጀራዋን እየጠቀለለች "እኛስ እዚህ አገር የትኞቹ ነን?" አለች።

አባዬ የመኖሪያ ወረቀታችንን ሊያሳድስ የተሰለፈበት ሰሞን ነበር። የቆጠረበትን ጣቱን አጠፈና "ወረቀቱ መሰንበት ነው የሚለው" አለ።

"የጥርስ ብሩሻችን ግን እዚህ ነው" አልኩ እኔ። ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም፤ ግን ቁም ነገር የተናገርኩ መሰለኝና ደስ አለኝ።

እትዬ ገሊና ሌላም ነገር ነበራት። ከዚያ ቀደም ሲል ወደ ደርባን ለሽርሽር ስንነሳ ልትሸኘን ወርዳ ሁላችንንም ሻንጣ ላይ አስቀምጣን ነበር። ራሷም ተቀመጠች። ማንም አይናገርም። በአገሯ ሰው መንገድ ሊወጣ ሲል የሚሄደውም የሚሸኘውም ለአፍታ ቁጭ ይላል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ይቀናል። ካልተቀመጡ አይሆንም። እማዬ ጸሎት መስሏት አንገቷን ደፋች። አባዬ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ሰዓቱን በስርቆት ያያል። እኔ ደግሞ የተቀመጥነው መንገዱ መጥቶ እስኪወስደን ነው ብዬ በሩን አያለሁ። ከዚያ "በቃ!" ብላ ብድግ አለች፣ እኛም ተነሣን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳይቀመጥ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም።

ያ ሐምሌ ሳያልቅ ታላቅ እህቷ ቬራ ከሩሲያ መጣች። ረጅም ናት፤ እንግሊዝኛ አታውቅም። አፍሪካ አይደል ብላ ስስ ቀሚስና ክፍት ጫማ ብቻ ይዛ መጥታለች። አገሯ በረዶ ቢወርድም ቤቱ ይሞቃል፤ የእኛ ፎቅ ግን ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በማግስቱ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እማዬ አይታ አንጀቷን በላቻት፤ ሮጣ ጋቢ አምጥታ አለበሰቻት። ቬራ ጋቢውን ተከናንባ አልለቅም አለች። በጋቢ ወለል ትወለውላለች፣ በጋቢ መስኮት ታጥባለች፣ በጋቢ የእኔን ጸጉር ዓይኔ እስኪጎለጎል አጥብቃ ትጎነጉናለች።

ወደድኳት። ከረሜላዋ አፍ ያቀዘቅዛል። ምንም ነገር የማትረሳ ሴት ናት፤ በር ቆልፋ፣ መልሳ ሞክራ፣ ምድጃውን አይታ ነው የምትወጣው። እኔን "አስተርጓሚዬ" እያለች ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ይዛኝ ትሄዳለች። እኔም ኩራቴ አይጣል ነው፤ "ሽንኩርት ስንት ነው ትላለች" ብዬ ስተረጉም ድምፄን አወፍራለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቬራ የቁም ሳጥኑን ብርጭቆዎችና ሲኒዎች በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች። ለሁላችንም ስጦታ የምታዘጋጅ መሰለኝ። በሰማያዊ ክር የታሰረው የእኔ ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ምን እንደሆነ ለማወቅ በስርቆት እዳብሰዋለሁ። ሆድ አይችለው፣ በመጨረሻ በረንዳ ላይ ወደተቀመጠችው እትዬ ገሊና ሄድኩ።

"ያ ሰማያዊው የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ ቤዞችካ። ወደ ቬራ ቤት ይሄዳል።"

"አንቺስ?"

"እኔም።"

ቆርቆሮዎቹን አየኋቸው። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቬራ ከመጣች ወዲህ እኔ ሱቅ ሱቅ ስል ማጠጣቱን ለእሷ ትቼላት ነበር፤ እሷም ትታዋለች ማለት ነው።

ያን ቀን ነገረችኝ። እናታቸው ስትሞት እትዬ ገሊና እዚህ ነበረች፤ አልደረሰችም። በስልክ እያለቀሰች ለቬራ ቃል ሰጠች፤ "ቴምባ በሕይወት እያለ አልተወውም። ከእሱ በኋላ ግን እመጣለሁ፣ ብቻሽን አትቀሪም" አለቻት። ቴምባ ሞተ። ቬራ ዓመት ጠበቀች፣ ሌላም ዓመት ጠበቀች። ክፍል አዘጋጅታ ግድግዳውን በአበባማ ወረቀት ለበጠች። ከዚያ ራሷ ልትወስዳት መጣች።

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

ጣቷን በደረቀው አፈር ውስጥ ከተተች። "ቴምባ እዚህ ነው የተቀበረው። አንቺ እዚህ ነሽ። እናትሽ ደግሞ እንስላል ነው እያለች የምትጨቀጭቀኝ እዚህ ነው።" ሳቅ ብላ መልሳ ከፋት። "ግን ቬራን ልቅር ብላት ልቧ ይሰበራል። ከአፌ አይወጣም።"

ቤቴ ገብቼ ጋቢ ሳይቀር አልቅሼ አረጠብኩ። እማዬም ሆዷ ባባ። ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ተካልኝ ከካትሌሆንግ መጣ። የአባዬ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ እዚያ ከከተማው ወጣ ባለው ሰፈር ስፓዛ ሱቅ አለው። በሄደበት ሁሉ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የሆሳዕና ልጆች "ሽማግሌያችን" የሚሉት ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ሻዩን ሳይጨርስ "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ሽማግሌ ይላካ!" አለ።

አባዬ "ለሩሲያዊት ሽማግሌ?" አለ።

"ቃሉን የሰጠችው ለእህቷ አይደል? እሷ ራሷ ልቅር ማለት አልቻለችም። እንግዲያው እኛ ሄደን እህትየውን እንለምናለን። ሩሲያዊት ሰው አይደለችም እንዴ?"

እማዬ "እውነቱን ነው" አለች። በቃ፣ ተወሰነ።

እዚህ ላይ የእኔ ጉድ ይመጣል። እኔ ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአክስቴ ጊዜ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች መጥተው ቆሙ፣ ተነጋገሩ፣ እልልታ ሆነ፣ አክስቴ አገባች። ስለዚህ "ሽማግሌ ይላካ" ሲባል ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ እትዬ ገሊና እንዳትሄድ ሊድሯት ነው! ለማን? ጋሽ ተካልኝን አየሁት። ጫማውን አስጠርጓል፤ ከአባዬ ክራባት ተውሶ መስታወት ፊት እየሞከረ ነው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን እትዬ ገሊና ካትሌሆንግ ሄዳ ከሱቁ በስተጀርባ በዘይት ካርቶን መሃል ስትኖር ታየኝና እንደገና ከፋኝ። ያም ሆኖ ካትሌሆንግ በታክሲ ይደረሳል፤ ሩሲያ አይደረስም። በሆዴ ፈቀድኩ።

ሦስተኛው ሽማግሌ የፎቃችን ጠባቂ ባባ ማዚቡኮ ሆኑ። አባዬ ደረጃው ላይ በእንግሊዝኛ ሊያስረዳቸው ሲጀምር አላስጨረሱትም። "ለእኔ ነው የምታስረዳው? እኛስ ሎቦላ፣ ጥሎሽ ልንነጋገር፣ ስንሄድ በር ላይ ቆመን አይደል የምንለምነው? ስንት ቤት ቆሜያለሁ!" አሉ። በማግስቱ እሑድ ኮታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከሁሉም ቀድመው ደጃችን ተገኙ።

ላይ ቤት እማዬ ቀድማ ገብታ እትዬ ገሊናን ወደ ኩሽና ወሰደቻት፤ ባለ ጉዳይዋ ፊት ለፊት አትቆምም። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ መሃል ቆምኩ። ቬራ በጋቢዋ በሩን ከፈተች። ሱፍ የለበሱ ሦስት ወንዶች ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ሳይሆን ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው ተደረደሩ።

"ሳዲቴስ!" አለች ቬራ ወንበሮቹን እያሳየች። ተቀመጡ ማለቷ ነው።

ጋሽ ተካልኝ እጅ ነሣ። "እግዜር ይስጥልን፣ እሜቴ። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።"

ቬራ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ፈልገው ነው?"

አፌን ሞልቼ "ስቫድባ" አልኳት። ሠርግ።

ቬራ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች። አባዬን አየች፣ ባባ ማዚቡኮን አየች፣ ጋሽ ተካልኝን አየች። "የትኛው ነው?"

በጣቴ ጋሽ ተካልኝን አሳየኋት። ቬራ ከእግር እስከ ራሱ መረመረችው። ከኩሽና ውስጥ ሳህን የሚወድቅ ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎ እትዬ ገሊና ከት ብላ ስትስቅ ሰማን።

"ምን አለች?" አለኝ ጋሽ ተካልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የትኛው ነው አለች።"

"የትኛው ምን?"

"ሙሽራው።"

"ጌታ ሆይ!" አለ ጋሽ ተካልኝ። ሁለት እጁን አርገበገበ። "ልጄ፣ እኔ ሆሳዕና ሚስቴ አለች! ሦስት ልጅ አለኝ! ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት!" ባባ ማዚቡኮ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አባዬ ሳቁን ለመያዝ ጣሪያውን ያያል። እኔ ደግሞ ሠርጉ እንደቀረ ገባኝና ፊቴ ጋለ፤ ያስከፋኝ ግን ስህተቴ አልነበረም፣ እትዬ ገሊና እንደገና የምትሄድ መሆኗ ነው።

አባዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ "ቤዚ፣ በቀላሉ ንገሪያት። ዊ ዋንት ኸር ቱ ስቴይ። ይህን ብቻ" አለኝ።

ይህን ብቻ! አፌን ከፈትኩ። አራቱም ቃላት በአንድ ጊዜ መጡ። ብሩሹ፣ ቦርሳው፣ ሶፋው፣ ድንቿ። አንዱን ብሳሳት እትዬ ገሊናን ለአንድ ሌሊት ብቻ የምለምን መሰለኝ። ከዚያ አንዱንም ላለማጣት አራቱንም አከታትዬ አፈሰስኳቸው። ቬራ ወንበሮቹን እያሳየች እንደገና "ሳዲቴስ" አለች፣ አሁን በልመና።

ማንም አልተቀመጠም። የባባ ማዚቡኮ ጉልበት ሕመምተኛ ነው፤ ደረጃ ሲወጡ በየፎቁ የሚያርፉ ሰው ናቸው። ወንበሩ ከኋላቸው አንድ ክንድ አይርቅም። እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ቬራም አየች። ራሷ ወንበሩን አስጠግታ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጎነበሱላት እንጂ አልተቀመጡም።

"ለምንድነው የማይቀመጡት?" አለችኝ ቬራ።

"እሺ ካላልሽ አይቀመጡም" አልኳት በምችለው ሩሲያኛ። "እስከ ማታም ቢሆን። ገሊና እንዳትሄድ ነው።"

ቬራ የቆሙትን ሰዎች አየች፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አየች፣ በር ሥር የተደረደሩትን ካርቶኖች አየች። ስለ ሽማግሌ የምታውቀው ነገር የለም። ሰው መንገድ ሊወጣ ሲል መቀመጥ እንዳለበት ግን ከእናቷ ቤት ጀምሮ ታውቃለች። "አሃ" አለች ቀስ ብላ። "ለመንገዷ አንቀመጥም ነው የሚሉት።"

ሽማግሌዎቹ ያላሉትን ነበር የተረዳችው። ግን እንዴት አድርጋ ተረዳችው!

እትዬ ገሊና ከኩሽና ወጣች። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል፤ በመጎናጸፊያዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሁለቱ እህትማማቾች በሩሲያኛ መነጋገር ጀመሩ፤ ፈጣን ስለነበር እንደ እኔ ላለ አስተርጓሚ አልተመቸም። "እማማ" የሚለውን ሰማሁ። "ቴምባ" የሚለውን ሰማሁ። ስለ ግድግዳው ወረቀትና ስለ አበቦቹ ሰማሁ። ቬራ አንድ ጊዜ "ሞኝ!" አለቻት፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" እትዬ ገሊና እንደ ልጅ ትከሻዋን ሰበቀች። ቬራ አቀፈቻት፤ ጋቢው ሁለቱንም ሸፈናቸው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ። እኛም ቆመናል።

ከዚያ ቬራ ከጋቢው ውስጥ አንገቷን አወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አይታ "ፑስት ዢቭዮት" አለች።

ትኑር። የጥርስ ብሩሹን ቃል መረጠች።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለች?" አለኝ አባዬ። ያን ሁሉ የማስረዳበት ትዕግሥት አልነበረኝም። ወንበሮቹን አየሁና "ተቀመጡ!" አልኳቸው።

ባባ ማዚቡኮ ከሁሉም ቀድመው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። እማዬ ከኩሽና በር እልልታዋን ለቀቀችው፤ የሠርግ እልልታ ነበር፣ ሌላ አታውቅማ። ጋሽ ተካልኝ ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና "እንኳን አላገባሁ፣ ላቤ በላቤ ሆንኩ" አለ። እትዬ ገሊና ድንች ቀቀለች፣ ቅጠሉን ከየቆርቆሮው የተረፈውን ሁሉ ቆርጣ ነሰነሰችበት። እማዬ ቀና ብላ "ይሄ እንስላል ግን እንዴት ይሸታል!" አለች። እትዬ ገሊና ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረቻትም። እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም።

ቬራ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ተካልኝ ባኪውን፣ ፒክአፕ መኪናውን፣ ደጅ አቁሞ ወጣ። ቬራ ጋቢውን ልትመልስ አጣጥፋ ብታመጣው እማዬ በቁጣ መልሳ አከናነበቻት። ከዚያ ቬራ ሁላችንንም እየጠቆመች አስቀመጠችን። ባባ ማዚቡኮ ወንበር ላይ፣ አባዬና እማዬ ሶፋ ላይ፣ ጋሽ ተካልኝ ካርቶን ላይ። እሱ "ዛሬስ ያለ ክርክር ነው" ብሎ ፈጥኖ ተቀመጠ። ቬራና እትዬ ገሊና በአንድ ሻንጣ ላይ ተጎራብተው ተቀመጡ። እኔ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለቱም እጄን ይዘውኝ ነበር፤ የቬራ እጅ ቀዝቃዛ ነው። መንገዱ መጥቶ እንዲወስዳት አልፈለግኩም፤ ያቺን ሴት ብቻዋን እንደምንሰዳት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "በቃ" አለች ቬራ፣ ተነሣን።

ከኤርፖርት ስንመለስ እትዬ ገሊና መስኮት መስኮቱን እያየች መጣች። ቤት እንደገባን ቀጥታ በረንዳ ሄዳ ቆርቆሮዎቹን ማጠጣት ጀመረች። እኔ እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ ሥር ባለው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የጥርስ ብሩሽ ቆሟል።

"እትዬ ገሊና! ቬራ ብሩሿን ረስታለች!" ብዬ ጮህኩ።

ውሃ ማጠጫውን እንደያዘች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ብርጭቆውን ብዙ አየችው። በመስታወቱ ውስጥ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁ።

"ቬራ?" አለች። "ቬራ በሕይወቷ ምንም ረስታ አታውቅም።"

እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን፣ እንዳይወድቅ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችው።